ከቬርዲናክ ያልመጣው ደብዳቤ

ማራኪ ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን አንድ ሰዓት ቀደም ብላ ትዘጋና ወደ ንታቴ ሞሌፌ ቤት ትሄዳለች። ሱቁ የወይን ጠጅ መደብር ነው፤ ኬንሲንግተን በሚባል ሰፈር፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ። የከፈቱት ንታቴ ናቸው። «ንታቴ» በሶቶ ቋንቋ «አባባ» እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዚሁ ይጠራቸዋል። እሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ከተቀጠረች ጀምሮ ሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። አሁን ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሰውየው ልባቸው ታሞ ከተሰፋ ወዲህ ሱቁን የምትይዘው እሷ ናት። እናቷ ኤርጎጌ ፎርድስበርግ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ልጅሽ የት ነው የምትሠራው ሲሏት «መደብር» ትላለች፣ የምን መደብር እንደሆነ አትጨምርም።

ሐሙስ የደብዳቤ ቀን ነው። ንታቴ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ ትተዋል። እሳቸው ይናገራሉ፣ ማራኪ ትጽፋለች፣ በመጨረሻ እስክሪብቶውን ተቀብለው እየተውረገረገ የሚሄድ ፊርማቸውን ያኖሩበታል። ደብዳቤዎቹ የሚጻፉት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ፈረንሳይ አገር፣ ከቦርዶ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ቬርዲናክ የሚባል ትንሽ የወይን እርሻ አለ፤ ባለቤቱ ኦዲል ትባላለች።

ነገሩ የቆየ ነው። ንታቴ ገና ጎረምሳ ሳሉ መሀል ከተማ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበሩ። በዚያን በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሰው ጠርሙሱን ከፍቶ ይቀዳል እንጂ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ አይጠጣም። አንድ ቀን ጠረጴዛ ሲያነሱ ብርጭቆ ግርጌ የቀረች፣ ጉንጭ እንኳ የማትሞላ ቀይ ወይን አገኙ። ጓዳ ገብተው ቀመሷት።

«ከዚያ በፊትም የሰው ትርፍ ቀምሼ አውቃለሁ» ይላሉ ሲያወሩት፤ «ሁሉም ያው ኮምጣጣ ነው። ያቺን ግን ዋጥኳት፣ አልሄደችም። ባቡር ተሳፍሬ ሰፈሬ ኦርላንዶ እስክደርስ አፌ ውስጥ ነበረች።»

ባዶ ጠርሙሱን ከቆሻሻው አውጥተው፣ የተለጠፈበትን ወረቀት በሙቅ ውሃ አላቀው ቤታቸው ወሰዱት። ወረቀቱ ላይ አድራሻ ነበር። ጻፉ። የጻፉትም «አንድ ጉንጭ የማትሞላ ጠጥቼ ነው፤ ውስጡ ምን አለበት?» የሚል ነበር። እርሻውን ከአባቷ በወረሰች በዓመቷ፣ ገና በሃያ አራት ዓመቷ፣ ኦዲል ሁለት ገጽ ሞልታ መለሰችላቸው።

ውስጡ ያለው ሦስት ዓይነት ፍሬ ነው። ንታቴ ይህን ለማራኪ ያስተማሯት ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ብርጭቆ ደርድረው ነው።

«ይቺ ሜርሎ ናት። ሥጋ አላት፣ ለስላሳ ናት፣ ብቻዋን ስትሆን ግን ትሰንፋለች። ይሄ ካበርኔ ሶቪኞ ነው። አጥንት ነው፣ ድድ ይይዛል፤ ብቻውን ስትጠጪው እንደ እኔ ያለ ደረቅ ሽማግሌ ነው። ይሄኛው ካበርኔ ፍራን ነው። አሽትችው።»

አሸተተችው። በጣት የታሸ ለምለም ቅጠልና የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ሽታ አለው። ሦስቱን ባንድ ብርጭቆ ቀላቅለው ሰጧት። ያ ሁሉ ለየብቻው የነበረ ነገር ጠፍቶ አንድ ሌላ፣ ሙሉ የሆነ ነገር አፏን ሞላው።

«ያንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍናል» አሉ ንታቴ። «የቦርዶ ሰዎች ጥበብ ይኸው ነው። ሌላ ተአምር የለውም።»

ልኩ ግን ከዓመት ዓመት አንድ አይደለም። ውርጭ ሜርሎውን የመታ እንደሆነ ፍራኑ ይበዛል፤ በጋው ደረቅ የሆነ እንደሆነ ሌላ ነው። ኦዲል የዚያ አገር ብርድ ሊያበቃ ሲል ከየበርሜሉ እየቀዳች፣ በመስፈሪያ እየለካች፣ እየቀመሰች፣ እየደፋች የዓመቱን ልክ ታወጣለች። ባወጣች ማግስት ለንታቴ ትጽፋለች። «ዘንድሮ ሜርሎ ስድሳ፣ ፍራን ሠላሳ አምስት፣ ሶቪኞ አምስት። ዝናቡ አስለቅሶናል። የቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት የአያቴ ግንዶች ግን ከእኔ ይልቅ ወጣት ናቸው።» የአያቷ ግንዶች የምትላቸው ያረጁ የካበርኔ ፍራን ተክሎች ናቸው። ንታቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የአፓርታይድ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ፓስፖርት ያገኙ ጊዜ፣ ሄደው እነዚያን ግንዶች በእጃቸው ነክተዋል። ደብዳቤው ግን አርባ አምስት ዓመት አንድም ፌብሩዋሪ አልቀረም።

ዘንድሮ ቀረ።

ንታቴ የፖስታ ሳጥናቸውን በቀን ሁለት ጊዜ ማየት ጀመሩ። ፌብሩዋሪ አለቀ፣ ማርች ገባ። ማራኪ ለእሳቸው ሳትነግር ወደ እርሻው የኢሜይል አድራሻ ጻፈች። የመለሰው የኦዲል የወንድም ልጅ ነው፤ መልሱ አራት መስመር ነበር። አክስቱ ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ቀን አርፈዋል። ተቀብረዋል። እርሻውን የሚረከብ የቤተሰብ አባል የለም። ወይኑን ነቅሎ መሬቱን ለሚያጸዳ መንግሥት ካሣ ስለሚሰጥ ቤተሰቡ ተመዝግቧል፤ ተክሎቹ ሜይ ከማለቁ በፊት ይነቀላሉ።

ማራኪ ይህን ያነበበችው ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ ነው። ደንበኛውን ሸኝታ እንደገና አነበበችው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስታ «ፌብሩዋሪ ዘጠኝ» ብላ መዳፏ ላይ ጻፈች፤ ለምን እንደጻፈችው አታውቅም።

በዚያው ምሽት ለእናቷ ነገረቻት።

«ነገ ሐሙስ ነው» አለች። «እነግራቸዋለሁ።»

ኤርጎጌ መጋረጃ እየጠቀመች ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ብቻሽን?»

«ብቻዬን ምን አለበት?»

«ልቡ የተሰፋ ሽማግሌ ነው። ሰው በሌለበት፣ አንቺ ልጅ እግር፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ ‹ሞታለች› ልትይው? ወድቆ ቢቀርብሽስ? መርዶ እንደዚያ አይነገርም፣ ማራኪ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በጠዋት ይኬዳል፣ ቀስ ተብሎ ነው። ልጁ የለችም እንዴ?»

ልጃቸው ዲኔዎ ኬፕታውን ናት። ማራኪ ደወለችላት። ዲኔዎም «ጁን ላይ እመጣለሁ፣ አብረን እንነግረዋለን፤ እስከዚያ ምንም እንዳትዪው» አለች። ከሁለት ወገን አንድ ዓይነት ቃል ስትሰማ ማራኪ ተረታች።

መረታት አልነበረባትም፤ መደበቅ ምን እንደሆነ ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። አባቷ ዲፕስሉት በሚባል ሰፈር፣ እያደረ በሚሠራበት ሱቁ ውስጥ በጥይት የተገደለ ጊዜ እሷ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናዋን ትጨርስ ተብሎ ስምንት ቀን ተደበቀባት። ስምንቱን ቀን ከእናቷ ጋር እራት በልታለች፣ ስለ ሒሳብ ፈተናው አውርታለች፣ ስቃለች። አንድ ቀን እንደውም አባቷ ስልክ አልመልስ ሲላት «ይሄ ሰውዬ ከሱቁ ጋር ተጋባ መሰለኝ» ብላ እናቷን ለማሳቅ ሞክራለች። እናቷም ስቃላታለች። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ሰዎች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። ያን የእናቷን ሳቅ ማራኪ እስከዛሬ ይቅር አላለችውም።

እንደዚያም ሆኖ ሐሙስ ሄዳ ዝም አለች።

ለኦዲል የወንድም ልጅ ግን እንደገና ጻፈችለት። ትንሽ መቆየት አይቻልም ወይ፣ ቢያንስ የቤተ ክርስቲያኑን ጀርባ ለይቶ መተው አይቻልም ወይ አለችው። ሜይ እስኪገባ አልመለሰም። የመለሰ ጊዜ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ፎቶ ነው የላከላት። ማሽን የገለበጠው ቀይ አፈር፣ ዳር ላይ ደግሞ ሥሩ ወደ ላይ ዞሮ እንደ ማገዶ የተከመረ ግንድ። ከክምሩ ኋላ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይታያል።

ጁን መጣ። ዲኔዎ ሥራዋ ያዛትና ጉዞዋን ወደ ሴፕቴምበር አዞረችው። ንታቴ ይህን ሁሉ አያውቁም። እሳቸው ለኦዲል ዝምታ የራሳቸውን ምክንያት አግኝተውለት ነበር።

የኦዲል ባል የሞተ ጊዜ፣ የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ንታቴ አላለቀሱላትም። የባለቤታቸው ሕመምና የሱቁ መከፈት አንድ ላይ መጥቶባቸው ነበር። ኦዲል «ለመኸሩ ና፣ ብቻዬን ነኝ» ብላ ጽፋላቸው ሳለ እሳቸው የላኩት የወይን ማዘዣ ቅጽ ነው፤ ቅጹ ግርጌ ላይ «በባልሽ ሞት አዝናለሁ» የምትል አንድ መስመር ጨምረውበት። እሷ ስለዚያ ነገር አንስታ አታውቅም። ልኩን መጻፏንም አላቆመችም። እሳቸው ግን ያቺን የራሳቸውን መስመር ዛሬም ያስታውሷታል።

«አሁን አሮጊት ሆናለች» አሉ አንድ ሐሙስ። «ሰው ሲያረጅ የድሮውን ያወጣና ያየዋል። እኔም እያየሁት ነው። ጻፊ።»

ማራኪ ጻፈች። «ውድ ኦዲል፤ ያኔ መምጣት ነበረብኝ። ሚስቴ ታማ ነበር፣ ግን ሁለት ሳምንት ትችል ነበር። የፈራሁት አንቺን ስታለቅሺ ማየት ነው።» የሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ጻፉ። ከዚያም ሌላ። ደብዳቤዎቹ እያጠሩ፣ ልመናቸው እየጨመረ ሄደ። «የዘንድሮውን ልክ ብቻ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አትጻፊ። ሦስት ቁጥር ብቻ።» ማራኪ እያንዳንዱን አጥፋ ፖስታ ውስጥ ትከታለች፣ አድራሻውን ትጽፋለች፣ ቴምብር ትለጥፋለች፤ ከዚያ ሱቅ ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። አሥራ አንድ ሆኑ።

ኦገስት ውስጥ አንድ ሐሙስ ወረቀቱን ስታወጣ ንታቴ እጃቸውን አነሱ።

«ተይው» አሉ።

«ደከሞት?»

«ነገሩ ገባኝ። ይቅር አላለችኝም። ሰውን በግድ ይቅር በለኝ አይባልም፤ አይደለም እንዴ? በቃ፣ አላስቸግራትም።» ከዚያ ሳቅ ብለው «አርባ አምስት ዓመት የታገሰችው ሰው ሆና ነው» አሉ። «እኔ ብሆን በሦስተኛው ዓመት ነበር የምተወኝ።»

ማራኪ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ይዛ ረጅም ጊዜ ቆየች። ተመልሳ ገብታ መናገር ትችል ነበር። መኪናውን አስነሣች። ወደ ፎርድስበርግ ነዳች።

ኤርጎጌ ሰምታ ስትጨርስ «እሑድ ጠዋት» አለች። «ከእንግዲህ ሴፕቴምበር የለም። አብዱልመጂድን እንይዛለን፣ ቋንቋ ያውቃል።»

ጋሽ አብዱልመጂድ ከኤርጎጌ ሱቅ ሦስት በር አልፎ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። የማራኪን አባት መርዶም የነገሯት እሳቸው ነበሩ። ፎርድስበርግና ሜይፌር አካባቢ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ከባድ ነገር የሚነገር ሲሆን የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«የሞተችው ማን ናት?» አሉ።

«የፈረንሳይ ሴት ናት» አለች ማራኪ።

«ለሰውየው ምናቸው ናት?»

«ወዳጃቸው።»

«ወዳጅ ሲባል እንግዲህ...»

«የደብዳቤ ወዳጅ» አለች ኤርጎጌ ቀድማ። «አንተ ደግሞ ነገር አትቆፍር።»

«ልወቅ እንጂ፣ ኤርጎጌ። መርዶ ነጋሪ ሟቹን ሳያውቅ አፉን ምን ብሎ ይከፍታል? ሥራዋስ ምን ነበር?»

«ገበሬ ነበረች» አለች ማራኪ። «ወይን ነበር የምታለማው።»

«የሚበላ ወይን?»

ማራኪ እናቷን አየች፣ እናቷ የብርድ ልብሶቹን ቁልል አየች።

«ገባኝ» አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ። «አስተግፊሩላህ።» ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «እንግዲህ ሞት ሞት ነው። በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?»

እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሦስቱ ኬንሲንግተን ደረሱ። የኦገስት ደረቅ ብርድ ነበር፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዷል። ኤርጎጌ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተከናንባለች። ጋሽ አብዱልመጂድ ነጭ ቆባቸውንና ረጅም ካፖርታቸውን አድርገዋል። ማራኪ የበሩን ደወል ተጫነች።

ንታቴ በፒጃማቸው ላይ ሹራብ ደርበው ወጡ። በመጀመሪያ ማራኪን አይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ኤርጎጌን አዩ፤ ከዚያ ጋሽ አብዱልመጂድን። ከዚያ ገና ያልነጋውን ሰማይ አዩ። ፈገግታው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ወረደ።

ማራኪ ይህን አላሰበችውም። እሳቸው አገርም በማለዳ በር የሚያንኳኩ፣ የከበደ ልብስ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ይዘው እንደሚመጡ የታወቀ ነው። ንታቴም መርዶ ይመጣብኛል ብለው የሚፈሩለት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ጋሽ አብዱልመጂድ ሃያ ዓመት ከደንበኛ ጋር ሲከራከሩበት በኖሩት እንግሊዝኛ ጀመሩ። «አባታችን፣ ይህ ዓለም የመንገደኛ ማረፊያ ነው። ሁላችንም እንግዶች ነን። ቀድሞ የሚሄድ አለ፣ ተከትሎ የሚሄድ አለ። የፈጠረ ጌታ የሰጠውን ሲወስድ...»

ወጉ እንደዚያ ነው። ነገሩ በዙሪያው ተዞሮ ተዞሮ፣ ሰውየው ራሱ ልቡ እየደረሰበት እንዲመጣ ነው። የንታቴ ልብ ግን ወደ ሌላ ነበር የሚሄደው። በተዞረ ቁጥር ወደዚያው እየቀረበ ሄደ። የበሩን ፍሬም ያዙ። ከዚያ ለቀቁት፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አመዳዩ ላይ፣ በፒጃማ።

«ዲኔዎ ናት» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

ጋሽ አብዱልመጂድ ስሙን ስለማያውቁት፣ የሟቿ መስሏቸው ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ።

«አይደለችም» አለች ማራኪ። «ንታቴ፣ አይደለችም። ኦዲል ናት። ኦዲል ናት የሞተችው።»

ንታቴ ቀና ብለው አዩዋት። «ኦዲል?»

«አዎ።»

«ዲኔዎ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ንታቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አምላካቸውን አመሰገኑ። ድምፅ አውጥተው፣ በሶቶ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ስልክ ጠየቁ። ማራኪ ደውላ ሰጠቻቸው። ዲኔዎ ከእንቅልፏ ተነሥታ «ፓፓ? ምን ሆንክ?» ስትል ውጭ ድረስ ተሰማ። «ምንም አልሆንኩም፣ ድምፅሽን ፈልጌ ነው» ብለው ዘጉ። ስልኩን ለማራኪ ሲመልሱ ፊታቸው ተለወጠ። ምስጋናቸው ለምን እንደነበር ያኔ ነው የገባቸው።

ወደ ቤት ገቡ። ኤርጎጌ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ለወጉ ያህል መስሎ ነበር፤ አልነበረም። «ኦዲልዬ» አለች፤ «እህቴ፣ አልጋሽ ሳይሞቅ፣ ሰው ሳይከብሽ» አለች። አይታት የማታውቀውን ሴት በስሟ እየጠራች ደረቷን ያዘች። ለማን እንደምታለቅስ ማራኪ ታውቃለች። ጋሽ አብዱልመጂድም ያውቃሉ፤ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ንታቴ ብቻ በመገረም ያዩዋታል። የእሳቸው ዓይን ደረቅ ነው። ለአርባ አምስት ዓመት ወዳጃቸው እንግዳ ሴት ስታለቅስላት እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ተቀምጠዋል።

እንግዳ ናቸውና ሻይ አፈሉላቸው። ማንም ላግዝ ቢል አልፈቀዱም። ጽዋው ሳህኑ ላይ እየተንቀጫቀጨ አንድ በአንድ አቀረቡ። ሁለቱ ጠጥተው ሲጨርሱ ማራኪን «አንቺ ቆዪ» አሏት። እናቷና ጋሽ አብዱልመጂድ መኪናው ውስጥ ሊጠብቋት ወጡ።

«መቼ ነው?» አሉ ንታቴ።

«ፌብሩዋሪ ዘጠኝ።»

ወራቱን ሲቆጥሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። «አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ማርች ላይ።»

«ማርች።» ወደ ጠረጴዛው አዩ፤ ሐሙስ ሐሙስ ወደሚቀመጡበት። «ታዲያ ስትጽፊልኝ የነበረው? ‹ይቅር በይኝ› ስል? ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«የት አደረግሻቸው?»

«ሱቅ ናቸው። መሳቢያ ውስጥ።»

ማራኪ እንዲቆጧት ትጠብቅ ነበር፤ ቢቆጧት ደግ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ነጋዴ፣ ቀሪ ዕቃ እንደሚቆጣጠር ሰው፣ ረጋ ብለው ቀጠሉ።

«እርሻውን ማን ያዘው? የወንድሟ ልጅ?»

ሁለተኛው መርዶ ነበር። ለዚህኛው ሽማግሌ የለም፣ ማለዳውም አልፏል፤ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ወጥታለች። ማራኪ ጋሽ አብዱልመጂድን ልትጠራ አስባ በሩን አየች። ከዚያ ወደሳቸው ዞረች።

«ማንም አልያዘውም» አለች። «ነቅለውታል። ሁሉንም። አሁን ባዶ መሬት ነው።»

«ፍራኑንስ? የቤተ ክርስቲያኑን ጀርባ?»

«እሱንም።»

«አይተሻል?»

ፎቶውን ልታሳያቸው ስልኳን አወጣች። ንታቴ አልተቀበሏትም። እጇ ላይ እንዳለ ከሩቅ አዩት። ግንዱ ክምር ላይ ዓይናቸው ቆየ፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ።

«መቼ ነቀሉት?»

«ሜይ።»

«አንቺ ማርች ነው የሰማሽው።»

«አዎ።»

«ሁለት ወር።» ጣታቸውን ሁለት አድርገው አነሱ። «ሁለት ወር ሳይነቀል ቆሞ ነበር። መቃብሯም ያኔ አዲስ ነበር። እኔ ደግሞ ፓስፖርቴ አልተቃጠለም፣ እግሬ አልተቆረጠም። ሐኪሙ በአውሮፕላን አትሂድ አላለኝም።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የባሏ ልቅሶ ላይ አልቆምኩም። እሱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። የእሷ ልቅሶ ላይ ግን መቆም እችል ነበር፣ ንዋናካ። መሬቱ ላይ ቆሜ ሲነቀል አይ ነበር። ማቆም አልችልም። ግን ሰው ነበረበት ይባል ነበር።»

ንዋናካ ልጄ ማለት ነው። ሁልጊዜ የሚሏት ነው፤ ዛሬም አልተዉትም። ማራኪ ከዚያ ሁሉ ወራት ውስጥ አንዱንም ቀን እንዲህ አድርጋ አላሰበችውም። የልባቸውን ስፌት አስባለች፣ ዲኔዎን ጠብቃለች፣ የኦዲልን የወንድም ልጅ ለምናለች፤ ሽማግሌው ተነሥተው ይሄዳሉ ብላ ግን አንድ ጊዜም አላሰበችም። እሷ ከሐዘን ልትጠብቃቸው ነበር። የጠበቀቻቸው ከልቅሶው ነው።

«ንታቴ...» አለች።

«ደክሞኛል» አሉ። «ሰዎችሽ ብርድ ላይ ናቸው። ሂጂ።»

የሚቀጥለው ሐሙስ እንደ ልማዷ ሱቁን ዘግታ ሄደች። የበሩ ማነጋገሪያ ውስጥ ድምፃቸው መጣ፤ «ዛሬ አልችልም፣ ደክሞኛል» አላት። ከዚያ በኋላ ያለው ሐሙስ ደወለች፤ መልስ የለም። መጋረጃው ግን ሲንቀሳቀስ አይታለች። አሥራ አንዱን ፖስታ ይዛ መጥታ ነበር። የበሩ ሳጥን ውስጥ ልትከታቸው አንድ ጊዜ እጇን ሰደደች። የራሳቸው ደብዳቤ ለራሳቸው በፖስታ ሲደርሳቸው ታያት፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ይህን የሰማች ኤርጎጌ «ልቅሶ ቤት እንዲህ አይተውም» አለች። የምስር ሾርባ በቴርሞስ ሞልታ፣ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ «ውሰጂኝ» አለቻት። «አንቺ እንኳን ባትገቢ እኔ እገባለሁ።»

ከፈቱላት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የኤርጎጌ ሆነ። ማራኪ በሱቁ ፒክአፕ ታመጣታለች፣ አጥሩ አጠገብ ታቆማለች፤ እናቷ ቴርሞሷን ይዛ ትገባለች። ማራኪ መኪናው ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያ ሆና የሳሎኑ መስኮት ይታያታል፤ ሰው ግን አይታይም። ኤርጎጌ የምታውቀው እንግሊዝኛ የመጋረጃ ነው፤ ስንት ሜትር፣ ምን ቀለም። ንታቴ አማርኛ አያውቁም። ሁለቱ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይቀመጣሉ።

ሴፕቴምበር ሦስተኛው ሐሙስ ላይ ነፋስ ነበር። ኤርጎጌ ወጥታ ባዶ ቴርሞሱን እግሯ ሥር አስቀመጠች።

«ምን አሉ?» አለች ማራኪ።

«ምን ይላል? ተቀምጠን ነበር። ዛሬ አለቀሰ።»

«ብዙ?»

«እንደ ወንድ።»

ማራኪ ቁልፉን ያዘች፣ አላዞረችውም። «ስለ እኔ ጠየቁ?»

ኤርጎጌ የመቀመጫውን ቀበቶ ስባ አሰረች። ሲጠብቅባት ፈታ መልሳ አሰረችው።

«መኪናው ሲቆም መስኮቱን አየ» አለች። «ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረው። ንጂ እንግዲህ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ።»